ደላንታ ድሮም ደጋ ነበረች? አንድ ጥያቄና 31 መልሶች

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ላይ ያነሳው ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ የሚያስተምር የሳይንስ መምህር ነው። ቲቤት በጥንት ዘመን ምን ያህል ከፍ ያለች እንደነበረች ተመራማሪዎች የሚገምቱት በማዕድን ውስጥ ካለ የኦክስጅን አይሶቶፕ (ክብደታቸው ከሚለያይ የኦክስጅን አተሞች) ተነሥተው መሆኑን አንብቦ ገርሞታል። የደላንታ ኦፓልም ከውኃ የተሠራ የጌጥ ድንጋይ ነው። የሚገኘውም የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ንብርብር መሐል ነው። ያ ውኃ የዚያን ጊዜ ዝናብ ከሆነ፣ ደላንታ ያኔ ስንት ሜትር ላይ እንደነበረች ለምን ከኦፓሉ አንጠይቅም? ጥያቄው ይህ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን የራሱን ግምት ጨመረበት። ደላንታ ያኔም የዛሬውን ያህል ደጋ ነበረች ባይ ነው። ሰው የተነሣበት በዚህች ነው።

ክሩ ረዝሟል፣ መሐሉ ላይም የኦፓል ዋጋ ጭቅጭቅ ገብቶበታል። ስለዚህ ላላነበባችሁት በየቁጥሩ ላውራላችሁ። ሁሉንም እኩል አላወራም፤ አንዳንዱ መልስ ሰላምታ ብቻ ነው።

1ኛው ምስጋና ነው። 2ኛው ደሴ ከምትኖር የጂኦሎጂ ተማሪ የመጣ ነው። ነገሩን ከሥሩ ያስረዳችው እሷ ናት። አብዛኛው ኦክስጅን 16 ክብደት አለው። ከ500 አተም አንዱ ገደማ ግን 18 ነው፣ ከበድ ይላል። ደመና ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ሲዘንብ ከባዱ ኦክስጅን ያለበት ውኃ ቀድሞ መውረድ ይቀናዋል። ስለዚህ ደመናው ሽቅብ በሄደ ቁጥር የቀረው እየቀለለ ይመጣል፤ አናት ላይ የሚዘንበውም ቀላሉ ነው። በብዙ የዓለም ተራሮች ላይ ተለክቶ፣ የከባዱ ኦክስጅን መጠን በየ1,000 ሜትሩ ከሺህ 2.8 ያህል ይቀንሳል። ዝናቡ አፈር ውስጥ ገብቶ ሸክላ ወይም ካልሳይት የሚባለውን የኖራ ማዕድን ሲሠራ ኦክስጅኑ ማዕድኑ ውስጥ ይቀራል። ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ማዕድኑን ለክቶ ዝናቡን፣ ከዝናቡ ደግሞ ከፍታውን መገመት ይቻላል። የዘዴው ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው አለች።

3ኛው መላሽ ነገሩ ስለገባው ደስ ብሎት በአረቄ መሰለው። አረቄ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ኃይለኛው ነው፣ ወደ መጨረሻው ውኃ ውኃ ይላል፤ ደመናም እንደዚያው ነው አለ። 4ኛው አመስግኖ አረመው። አረቄ ላይ ቀድሞ የሚወጣው ቀላሉ፣ ቶሎ የሚተነው ነው። ደመና ላይ ግን ተን ወደ ውኃ እየተመለሰ ስለሆነ ቀድሞ የሚወርደው ከባዱ ነው። አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው። ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚቀረው ከበፊቱ ይለያል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ምሳሌ የተሻለ ማብራሪያ ክሩ ውስጥ አላገኘሁም። 5ኛው ሰላምታ አቅርቦ፣ ወሎ ውስጥ እየኖራችሁ ግማሻችን የማንቀምሰውን ምሳሌ ታመጣላችሁ ብሎ ቀለደ። በቡና ቀይሩልን አለ። ማንም አልቀየረለትም።

6ኛው ጎንደሬ ነው፤ ራሱ ነው የተናገረው። የመምህሩን ግምት አልተቀበለም። የላቫው ንብርብር በሰሜኑ ደጋ አንዳንድ ቦታ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ስለዚህ ከፍታው የመጣው ላቫው ስለተደራረበ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ደላንታ ሜዳ ነበረች አለ። ሲያበቃ ንብርብሩን በደንብ ማየት የፈለገ ሊማሊሞ ይምጣ ብሎ ጎረረ። 7ኛው ሁለቱንም ነገር መለሰለት። ከባድ ድንጋይ ከላይ ሲጫን ሥሩ ያለው ቅርፊት ይሰምጣል። 2 ኪሎ ሜትር ባዛልት ቢቆለል ከዚያ ውስጥ እንደ ከፍታ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። የደጋው ዋና ደጋፊ ከሥር ያለው ትኩስ የምድር መጎናጸፊያ ነው። የሊማሊሞን ነገር በተመለከተ ደግሞ፣ ሆፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 የላቫውን ዕድሜ ሲያወጡ ናሙና የወሰዱት ከሊማሊሞም ከወገል ጤናም ነው። አብዛኛው ላቫ የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ 1 ሚሊዮን ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው ያሉትም ሁለቱን አይተው ነው። እኩል ለእኩል ማለት ነው። ጎንደሬው በሳቅ ምልክት አለፈው።

8ኛው መልስ ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። ኦፓል የሚነግድ ሰው ነው፤ ስለ አይሶቶፕ ምንም እንደማያውቅ ተናግሮ ስለ ድንጋዩ ግን አወራ። የደላንታ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ነጣ ያለውን ጥሬ ድንጋይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ሲጥለው መጀመሪያ ከጎኑ ትንንሽ አረፋ ይወጣል። ከዚያ ነጩ ከዳር ጀምሮ ይሳሳል። ሲቆይ ጭራሽ ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርጭቆው ውስጥ ድንጋይ መኖሩ ራሱ ያጠራጥራል። አውጥቶ ጥላ ሥር ሲያደርቀው ከቀናት በኋላ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ ቀለሙም አብሮ ይመጣል። ፀሐይ ላይ ካስቸኮሉት ይሰነጠቃል። ሚዛኑም ውኃ ሲጠጣ ይጨምራል። እርጥቡን በግራም የሚገዛ ሰው ውኃ እየገዛ መሆኑን ይወቅ ብሎ ጨረሰ።

ለጥያቄው ወሳኝ መልስ የሰጠው እሱ መሆኑን 9ኛዋ፣ ያችው ተማሪ፣ ወዲያው አየችው። ድንጋዩ ዛሬም ውኃ የሚቀያየር ከሆነ ውስጡ ያለው ውኃ የ30 ሚሊዮን ዓመት አይደለም፤ የትናንት ዝናብ ወይም የነጋዴው ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዚያን ውኃ ሃይድሮጅን መለካት አያዋጣም። ድንጋዩ ውስጥ ካለው ሲሊከን ጋር የተያያዘው ኦክስጅን ግን እንደዚያ በቀላሉ አይለቅም። የፈረንሳዩ ቦሪስ ሾቪሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የወገል ጤና ኦፓል አፈር በሚሠራበት ሂደት ውስጥ የተፈጠረ ነው ብለዋል። ይህ የመምህሩን ሐሳብ ይደግፋል፤ ከዝናብ የገባ የአፈር ውኃ ነው ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በኦፓሉ ውስጥ የሚቀረው ቁጥር የውኃውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሙቀቱንም መጠን ይከተላል። አንድ ቁጥር ይዞ ሁለት የማይታወቅ ነገር ማውጣት አይቻልም።

ከ10 እስከ 12 ያሉት ከርዕሱ ወጥተዋል። ኦፓሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ወዲህ ማን እንዳተረፈ ነው ክርክሩ። ደላላው ነው ያለም አለ፣ ውጭ አገር የሚያጸዳው ነው ያለም አለ። በጭስ አጥቁረው ጥቁር ኦፓል ነው ብለው ስለሚሸጡም ተነሣ። 13ኛው ላይ ነገሩ መረረ። እናንተ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለነበረ ከፍታ ትጨነቃላችሁ፣ ገደል ላይ በእጅ የተቆፈረ ዋሻ ውስጥ የሚገባው ልጅ ግን ዛሬ ናዳ ይወርድበታል አለ። ንዴቱ አግባብ ነው። ኦፓል ያለበት ንብርብር 1 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ልጆቹ ያንን ተከትለው ነው ወደ ውስጥ የሚገቡት። 14ኛው መምህሩ ራሱ ነው። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንደሚሄዱ፣ ጥያቄውንም የጠየቁት እነሱ መሆናቸውን ተናገረ። ሰውየውን ወንድሜ ብሎ በትሕትና አናግሮ ወደ ርዕሱ መለሰን።

15ኛው የክሩ አከርካሪ ነው። ጸሐፊው የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ ነው፣ አነጋገሩ ደረቅ ነው። ሁላችሁም ድንጋዩን ይዛችሁ ዝናቡን ረሳችሁ ብሎ ጀመረ። በየ1,000 ሜትሩ ከሺህ 2.8 የሚባለው ሕግ አማካይ ነው። ኢትዮጵያ ግን ለዚያ አማካይ አትታዘዝም። አዲስ አበባ ላይ ዝናብ እየተሰበሰበ ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መረብ መለካት የጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በሕጉ ቢሆን የዝናቧ ከባድ ኦክስጅን ከባሕር ውኃ ጋር ሲነጻጸር ከሺህ −6 አካባቢ መውረድ ነበረበት። የሚለካው አማካይ ግን −1 ገደማ ነው። ሕጉን አጥብቆ የያዘ ሰው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ቢያሰላ አዲስ አበባ 500 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ አፋር ውስጥ ያለችው የሚሌ ጎረቤት ልትሆን ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚመጣ ጂኦሎጂስት የእንጦጦን ሸክላ ለክቶ ቆላ ነበረች ብሎ ይጽፋል አለ።

ምክንያቱንም ዘረዘረ። የክረምቱ እርጥበት ሁሉ ከባሕር በቀጥታ አይመጣም። ከፊሉ ኮንጎ ተፋሰስ ላይ ዘንቦ፣ ዛፍ ጠጥቶት፣ በቅጠል ተንፍሶት እንደገና ደመና የሆነ ነው። ቅጠል የሚተነፍሰው ውኃ ደግሞ ከባዱን ወደ ኋላ አያስቀርም፤ እንዳለ ይመልሰዋል። ስለዚህ ደመናው ረጅም መንገድ ተጉዞም ከባዱን አልጨረሰም። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይመጣል፣ ከክረምቱም ከበድ ይላል። ወሎ ላይ ሁለቱም ይዘንባሉ። የውኃ ተመራማሪው ሰይፉ ከበደና ባልደረባቸው የኢትዮጵያን ውኃ ሰብስበው ሲያዩ ከፍታ በዝናቡ ላይ የሚያሳየው ለውጥ ከሌላው ዓለም በጣም ያነሰ ሆኖ እንዳገኙት ጠቀሰ። ታዲያ የዛሬው ዝናብ ከፍታውን ካልነገረን የድሮው ድንጋይ ከየት አምጥቶ ይነግረናል?

16ኛው በዚህ በጣም ተናደደ። ጋሼ ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው መስመር ላይ አንተ አለው። ኤቨረስት አካባቢ ከ17 ሚሊዮን ዓመት በፊት በተሠራ ማይካ የሚባል ማዕድን ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ተለክቶ፣ ተራራው ያኔም ከ5,000 ሜትር በላይ መሆኑ ተገምቷል አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ያለበት የጥንት ጠጠር ላይ ያለው ካኦሊን የሚባል ሸክላ ተለክቶ ሲዬራ ኔቫዳ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በፊትም ከፍ ያለ እንደነበር ታይቷል። ዓለም የሚሠራበትን ዘዴ አንድ የጉድጓድ ውኃ ባለሙያ ሊጥለው ነው እንዴ ብሎ ጨመረ። የመጨረሻዋ ሐረግ አያስፈልግም ነበር።

17ኛው የባለሙያው መልስ ነው። እሱም አላለዘበም። ዘዴው ውሸት ነው አላልኩም፤ ዘዴው የሚሠራው ደመናው በአንድ አቅጣጫ ወጥቶ በሥርዓት ሲዘንብ ነው አለ። ሂማላያ ላይ ከደቡብ የሚመጣው ዝናም ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ ነው። እኛ ጋ ዝናቡ ከምዕራብም ከምሥራቅም ይመጣል፣ ተራራው ላይም ይቀላቀላል። የጉድጓድ ውኃ ባለሙያ መባሉን እንደ ስድብ እንዳልቆጠረው ጠቅሶ፣ ሰውየው የሚጠጣውን ውኃ ማን እንደሚያወጣለት ጠየቀው። እኔ እዚህ ላይ ከባለሙያው ጎን ነኝ። ኤቨረስትን መጥቀስ ለደላንታ ማስረጃ አይሆንም።

18ኛዋ ተማሪዋ ናት፣ ገላጋይ ሆና ገባች። አንዲስ ላይም ተመሳሳይ ክርክር ነበር አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት አልቲፕላኖ የሚባለው የአንዲስ ደጋ ከ10 እስከ 6 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በፍጥነት ተነሣ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኤለርስና ፑልሰን የአየር ንብረት ሞዴል ሠርተው ተራራው ሲነሣ የዝናቡ ምንጭ ራሱ እንደሚቀየር አሳዩ። ስለዚህ የአይሶቶፑ ለውጥ ሁሉ ከፍታ አይደለም። ባለሙያው የሚለውም ይኸው ነው፣ ስድቡን ብንተወው አለች። ሁለቱም ዝም አሉ።

19ኛው የቲቤትን ዘንባባ አመጣ። ሉንፖላ በሚባል ቦታ አይሶቶፑ ከ35 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከ4,000 ሜትር በላይ ነበር ሲል፣ እዚያው ተፋሰስ ውስጥ 25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የዘንባባ ቅጠል ተገኘ። ዘንባባ ውርጭ ስለማይችል ቦታው ከ2,300 ሜትር አይበልጥም ነበር ተባለ። ጎንደር አካባቢ፣ ጭልጋ ላይም የ27 ሚሊዮን ዓመት ዘንባባ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ እንግዲያው ሰሜኑ ያኔ ቆላ ነበር ብሎ ደመደመ። 20ኛው በሁለት መስመር አፈረሰው። ኮሎምቢያ ውስጥ ዘንባባ 3,000 ሜትር ላይ ይበቅላል። ቲቤት ላይ የሚሠራ ማስረጃ ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆነ አገር አይሠራም። በዚያ ላይ ያኔ ዓለም ከዛሬ ሞቅ ያለች ነበረች።

21ኛው የሁለቱን የማይታወቅ ነገር ችግር ይፈታል ያለውን ዘዴ አቀረበ። በአፈር ውስጥ የኖራ ጠጠር ሲሠራ አፈሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ከባዱ ካርቦንና ከባዱ ኦክስጅን አብረው መያያዝ ይወዳሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካልቴክ በሚባለው ተቋም ጆን አይለርና ባልደረቦቹ ይህንን እንደ ቴርሞሜትር መጠቀም ጀመሩ። ውኃው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሙቀቱ ይታወቃል። ከባቲ ደሴ የወጣ ሰው ከፍታ በብርድ እንደሚለካ ያውቃል ብሎ አበቃ። 22ኛው አድናቆቱን ገልጾ ሁለት ነገር አስታወሰው። አንደኛ፣ የኖራ ጠጠር የሚሠራው ዝናቡ አልፎ አፈሩ ሲደርቅ ነው፤ የሚመዘግበውም የዚያን ወቅት ሙቀት ነው። ሁለተኛ፣ በንብርብሮቹ መሐል የሚታየው ቀይ አፈር በአብዛኛው ሸክላ ነው፤ ኖራው መኖሩን መጀመሪያ አረጋግጡ። መንገድ ዳር በተቆረጠው ገደል ላይ ቀዩን መስመር ያላየ የለም። ሎሚ ጨምቃችሁ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ካላወጣ አትድከሙ አለ። ይህን ወደድኩት፤ ላቦራቶሪ ሳይሄዱ የሚሠራ ነው።

23ኛው አይሶቶፑን ጭራሽ እንተወው አለ። ባዛልት ካለን የአየር ግፊት እንለካ። ላቫ ፈስሶ ሲረጋ ላይኛው ላይ ያለ አረፋ የሚጫነው አየር ብቻ ነው፤ ታችኛው ግን አየሩም ላቫውም ይጫኑታል። የሁለቱን አረፋ መጠንና የንብርብሩን ውፍረት አነጻጽሮ የዚያን ቀን የአየር ግፊት ማውጣት ይቻላል። ግፊት ደግሞ ከፍታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ደጋ ላይ ተሞክሯል። ዝናብ ምንም አያገባውም። ሐሳቡ ለወሎ ልክ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ሞልቶናል። ነገር ግን ማንም አልተከተለውም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የተሻለው ሐሳብ ይህ ነበር።

24ኛው ከሐይቅ ከተማ ነው። የሐይቅን ደለል ተመራማሪዎች ቆፍረው በውስጡ ባለው ካርቦኔት የ2,000 ዓመት የአየር ንብረት አንብበዋል፤ ስለዚህ አይሶቶፕ ወሎ ላይ አዲስ አይደለም አለ። ማስጠንቀቂያም ጨመረ። የሐይቅ ውኃ ሲተን ቀላሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ የሚቀረው ይከብዳል። ያንን ደለል የጥንት ከፍታ ለማወቅ የሚጠቀምበት ሰው ሐይቅን ባሕር ዳርቻ ያደርጋታል። 25ኛው ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ረጅም ነገር ጻፈ። ደስ ይላል፣ ግን ሌላ ክር ያስፈልገዋል።

26ኛው ለመምህሩ ግማሽ ድጋፍ ሰጠ። በደላንታ በኩል የሚያልፈው የበሽሎ ወንዝ ወደ ዓባይ ይገባል። የዓባይ ሸለቆ መቆረስ የጀመረው ከ25 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ በሂሊየም ዘዴ (በማዕድን ውስጥ በተጠራቀመ ሂሊየም) የለኩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ወንዝ ካልተዳፋበት አይቆርስም። እንግዲያው ላቫው ከፈሰሰ ብዙም ሳይቆይ ደጋው ተነሥቶ ነበር። የዛሬውን ያህል ነበር ማለት ግን አይቻልም፤ ቁርሰቱ ከ10 እና ከ6 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደገና ፈጥኗል የሚል ጥናትም አለና። 27ኛው ከ16ኛው ጋር አንድ ሰው ይመስላል። ቁርሰት በዝናብም ይፈጥናል ብሎ ተከራከረ። እውነት ነው፣ በዚህኛው አነጋገሩም ለስልሷል።

28ኛው መምህሩ ነው። የዛሬውን ያህል ያለውን ትቶ ጥያቄውን ለወጠ። መጀመሪያ የራሳችንን ዝናብ ብንለካስ? ከኮምቦልቻ፣ ከደሴና ከጉጉፍቱ በአንድ ክረምት ውኃ ብንሰበስብ ከፍታው ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ይታያል። 29ኛው፣ የውኃ ባለሙያው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደሰተ። መሰብሰቢያው ላይ ቀጭን የፓራፊን ዘይት ካልተደረገ ውኃው ይተንና ቁጥሩ ይበላሻል ብሎ መከረ። ጠርሙሱ አፉ ድረስ ይሞላ፣ አየር አይተውበት፣ ክዳኑም ይጠብቅ። በልጉና ክረምቱ ለየብቻ ይያዙ። ከባቲም ይጨመር፤ ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ሁሉም ደጋና ወይና ደጋ ናቸው፣ ቆላውን የሚወክል የለም አለ።

30ኛው የላቦራቶሪውን ወጪ ማን ይከፍላል ብሎ ጠየቀ። መልስ አላገኘም። 31ኛው ያ የኦፓል ነጋዴ ነው። ባቲ በየሰኞው ለገበያ እንደሚወርድ፣ ጠርሙስ ከሰጡት እዚያ የሚያውቀው ሱቅ ጣሪያ ላይ ሊያስቀምጥላቸው እንደሚችል ጻፈ። ዘይቱን የት እንደሚገዛ ብቻ ንገሩኝ አለ።